ግልጽ ደብዳቤ፦ የአብራሪ ዓይን በፊደል ሰሌዳ ብቻ አይለካም

ይድረስ፦ ለወታደራዊ አብራሪዎች ጤና ኃላፊነት ለተሰጣችሁ የሕክምና ክፍል አመራሮች

ጉዳዩ፦ በአብራሪዎች ዓመታዊ የዓይን ምርመራ ላይ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የአብራሪዎች ዓመታዊ የዓይን ምርመራ ከእንግዲህ በፊደል ሰሌዳና በቀለም መለያ መጽሐፍ ብቻ እንዲያበቃ መመሪያ ወርዷል። ብሌን አስፍቶ የዓይንን ጀርባ ማየት፣ የዓይን ግፊት መለካትና የዕይታ መስክ (ፊት ለፊት እያዩ ዳር ዳሩ የሚታየውን) መፈተሽ «ቅሬታ ላቀረበ አብራሪ ብቻ» ሆኗል። ምክንያቱም ተነግሮናል። ብሌኑ የሰፋ አብራሪ በዚያ ቀን አይበርም፤ ስለዚህ የበረራ ቀን ይባክናል የሚል ነው።

ይህን የምንጽፈው የአብራሪዎችን ዓይን የምንመረምር፣ መነጽራቸውን የምንለካ፣ የራስ ቁራቸውንና የኦክስጅን ጭምብላቸውን የምንገጥም ባለሙያዎች ነን። ውሳኔው ስህተት ነው የምንለው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ አብራሪን ከሥራው የሚያወጡት የዓይን ሕመሞች አብዛኞቹ በፊደል ሰሌዳ የማይታዩ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ቅሬታ ካለህ ና» የሚባለው ሰው ቅሬታውን ቢናገር ከበረራ እንደሚታገድ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይናገርም።

ሰሌዳው የሚለካው ነገር ጠባብ ነው። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ በ6 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጥቁር ፊደል ከነጭ መደብ ለይቶ ማንበቡን ያሳያል። የዓይን መሐል ጥራት ማለት ነው። ጠርዙን፣ ጨለማውን፣ ጸሐይ ፊት ለፊት ስትመታ የሚሆነውን፣ ከፍታ ላይ የሚመጣውን ለውጥ አያሳይም።

ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የዓይንን ነርቭ በሚጎዳው በግላኮማ እንጀምር። በአገራችን ዓይን ከሚያጠፉ ሕመሞች አንዱ ነው፤ አያምም፣ አያቀላም፣ ዕይታን የሚበላውም ከዳር ጀምሮ ነው። የዓይን ነርቭ ብዙ ክሩን ካጣ በኋላ እንኳ ሰውየው የመጨረሻዋን መስመር ያነብባል። ወላጁ ወይም ወንድሙ ግላኮማ ያለበት አብራሪ ከሌላው በበለጠ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ በአዲሱ መመሪያ ግን ሰሌዳውን አንብቦ ይወጣል። ዘግይቶ ሲገኝ ደግሞ ሕክምናው ራሱ ከበረራ ጋር ይጋጫል። ቲሞሎል የተባለው የተለመደ ጠብታ ዓይን ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትን ያዘገያል፣ የአብራሪውንም የጂ ጫና (አውሮፕላኑ በፍጥነት ሲታጠፍ ሰውነት ላይ የሚመጣውን የክብደት መብዛት) የመቋቋም አቅም ይቀንሳል። ብሪሞኒዲን እንቅልፍ ያመጣል። በጊዜ የተገኘ ሕመም በማታ አንድ ጠብታ ሊያዝ የሚችል ሲሆን፣ የዘገየው ግን ሁለት ሦስት መድኃኒት ይፈልጋል፤ ያኔ የመብረር ዕድሉ ይጠባል።

ሁለተኛው ከማኩላ በታች ውኃ የሚቋጥረው ሕመም ነው (ማኩላ ማለት ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ጀርባ ሽፋን፣ የሬቲና መሐል ነው)፤ ባለሙያዎች ሴንትራል ሲረስ ይሉታል። የሚመርጠው ሰው አብራሪን ይመስላል፦ ከ30 እስከ 50 ዓመት ያለ ወንድ፣ ውጥረት የበዛበት፣ እንቅልፍ ያነሰው። በአንድ ዓይን መሐል ላይ ግራጫ ክብ ይታያል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይጎብጣል፣ ነገሮች ያንሳሉ። ውኃው ሬቲናን ወደ ፊት ስለሚገፋው ዓይኑ ትንሽ ወደ ሩቅ ዕይታ ይሄዳል፤ ፕላስ 0.50 ወይም ፕላስ 1 ሌንስ ብታደርጉለት ሰሌዳውን ሙሉውን ሊያነብላችሁ ይችላል። ሁለቱን ዓይን ገልጦ ከሆነማ ምንም እንከን አይገኝበትም። ይህን ሕመም ለመጠርጠር የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ካሬዎች የተከፋፈለ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለው የአምስለር መረብ። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ የንባብ መነጽር ያለው መነጽሩን አድርጎ፣ አንድ ዓይን በአንድ ጊዜ ተሸፍኖ ይታያል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ እንኳ በአዲሱ የምርመራ ቅጽ ውስጥ አልገባም።

ሦስተኛው ከሌንሱ ጀርባ ላይ የሚጀምረው የዓይን ሞራ ነው። ይህ ዓይነቱ ሞራ ጸሐይ ላይ ይብሳል፤ ብሌን ሲጠብ ብርሃኑ የሚያልፈው በሞራው በኩል ብቻ ስለሚሆን ነው። ከውጭው ጸሐይ ይልቅ እጅግ ደብዛዛ በሆነ የምርመራ ክፍል ውስጥ ብሌኑ ሰፍቶ ስለሚቆይ አብራሪው በንጹሑ ዳር እያየ ያነብባል። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ለማረፍ ሲያዞር ግን ማኮብኮቢያው በነጭ ጭጋግ ይሸፈንበታል። እንግዲህ ምርመራው አልፏል፤ ዓይኑ ግን አላለፈም።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሕመሞች አንድ ላይ ያነሣነው በምክንያት ነው። ሁለቱንም ሊያመጣና ሊያባብስ የሚችል፣ ግላኮማንም የሚጠራ አንድ ነገር በየፋርማሲው ይሸጣል፤ ስቴሮይድ ያለው የዓይን ጠብታ። ዓይኑን የሚያሳክከው፣ የሚያቀላው፣ አቧራ የቆረቆረው አብራሪ ወደ እኛ አይመጣም። ሲቪል ልብስ ለብሶ ፋርማሲ ይሄዳል፤ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ብቻውን ወይም ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀለበት ጠብታ ያለ ማዘዣ ይሰጠዋል። በሁለት ቀን ዓይኑ ይነጣል፣ ይደሰታል፤ ባሳከከው ቁጥር ይደግማል። ጠብታው በተከታታይ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ሲወሰድ ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ የዓይን ግፊት ከፍ ይላል፤ በጥቂቶቹ ደግሞ በጣም ይንራል። ወራት ሲቆይ ሞራው ይከተላል። አብራሪው በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅሬታ የለውም። እንዲያውም ጠብታው ስላሻለው ያመሰግናል። «ቅሬታ ላቀረበ ብቻ» የሚለው ቃል ያገለለው ይህን ሰው ነው።

ለምን አይመጣም ብላችሁ ጠይቁ። ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ነው። ከበረራ ይታገዳል፣ የበረራ አበሉ ይቋረጣል፣ መቼና በምን ምርመራ እንደሚመለስ የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም። ለሦስት ሳምንት ታግዶ የጠብታ ውጤት የሚጠብቅ ሰውና ለዘለቄታው የተሰናበተ ሰው በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ይስተናገዳሉ። ማኩላው ላይ ውኃ የቋጠረ አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ያለ ሕክምና ይድናል። ይህ አስቀድሞ ቢነገረው፣ ምን ሲሟላ እንደሚመለስ ተጽፎ ቢሰጠው፣ በመጀመሪያው ሳምንት በራሱ እግር ይመጣ ነበር። በመሬት ላይ ያለ አሠልጣኝነትና የሲሙሌተር ሥራ እያለ በቤቱ እንዲቀመጥ ማድረግም መደበቅን የሚያስተምር ቅጣት ነው።

የአገራችንን ከፍታ ጉዳይ በተለየ ትኩረት እንድታዩት እንለምናለን። በየትኛውም የበረራ ሕክምና ትምህርት እንደሚሰጠው፣ የሌሊት ዕይታ ከ5,000 ጫማ ወይም 1,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ይደክማል፤ በጨለማ የሚያዩት የሬቲና ሕዋሳት ኦክስጅን እጅግ ይፈልጋሉና። ስለዚህም በሌሊት ከ5,000 ጫማ ጀምሮ ኦክስጅን መጠቀም ይመከራል። አሁን የእኛን ማኮብኮቢያዎች ተመልከቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መቀሌ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳርም ቢሾፍቱም ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። ከምናውቃቸው ትልልቅ የአገሪቱ ማረፊያዎች ድሬዳዋ ከዚህ በታች ናት። በደጋ የሚኖር ሰው ደሙ ከከፍታው ጋር እንደተላመደ እናውቃለን፤ ይህ ግን በከፊል የሚረዳ እንጂ ጉዳዩን የሚዘጋ አይደለም፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ያንኑ ጥቅም ይበላበታል። የኦክስጅን ልማዳችን ግን «10,000 ጫማ ስትደርስ» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ለቀን በረራ ይሁን፤ በሌሊት የሚነሣ ሠራተኛ ጭምብሉን ከመሬት ጀምሮ ማድረግ አለበት። ጨለማን መላመድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ከዝግጅት ክፍሉ ነጭ መብራት ወጥቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ያንን ልምምድ ይነጥቀዋል። የዝግጅት ክፍሉን መብራት በደብዛዛ ቀይ መተካት ብዙ ወጪ የለበትም።

የሌሊት ማያ መነጽር በተሰጠበት ክፍል ሌላ ችግር ይታያል። የዓይን መቃኛው ቀለበት ከፕላስ 2 እስከ ማይነስ 6 ይዞራል። ወጣቱ አብራሪ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ወደ ማይነስ ያዞረዋል፤ ጠርቶም ማዞሩን ይቀጥላል፤ ወጣት ዓይን ትርፉን በራሱ ጡንቻ ያካክሰዋልና ልዩነቱ አይታወቀውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራስ ምታትና ብዥታ ይመጣል፤ ጥፋቱም በመሣሪያው ላይ ይጣላል። ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ በሁለቱ ብሌኖች መሐል ያለውን ርቀት ማስተካከል፣ ከዚያ በአንድ ዓይን ወደ ፕላስ እስኪደበዝዝ መመለስ፣ ቀስ ብሎ ወደ ማይነስ ሲያመጡ በመጀመሪያ ጥራቱ ላይ ማቆም፣ ከዚያ ሌላውን ዓይን መድገም ነው። ይህ በመቃኛ ሰሌዳ ፊት በጨለማ ክፍል ይደረጋል። ማኮብኮቢያው ላይ ያለ መብራት እያዩ መቃኘት አይበቃም።

ስለ ጂ ጫና ብዙ አንልም፤ አብራሪዎቹ ከእኛ የተሻለ ያውቁታል። ከልብ እስከ ዓይን ያለው ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና በእያንዳንዱ ተጨማሪ ጂ ዓይን ጋ የሚደርሰው የደም ግፊት 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። ዓይን ውስጥ ራሱ ከ10 እስከ 21 ግፊት ስላለ፣ አንጎል ሳይጎድልበት ሬቲና ደም ያጣል። የዕይታው ዳር ግራጫ ይሆናል፣ መስኩ ይጠባል፣ ከዚያ ይጨልማል። የዓይን ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ይህ ቀድሞ ሊመጣበት ይችላል። ግፊት መለካትን «ቅሬታ ላለው» መተው በተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ጸሐይንና አቧራን በተመለከተ ቅሬታችን የአቅርቦት ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአይስላንድ ጥናት በሲቪል አየር መንገድ አብራሪዎች ላይ የሌንስ መሐል ሞራ ሦስት እጥፍ ያህል በዝቶ እንዳገኘና ከጠፈር ጨረር ጋር እንዳያያዘው ይታወቃል። የጠፈር ጨረር በምድር ወገብ አካባቢ ከዋልታዎች ይልቅ ያንሳል፤ የእኛ ሰዎች የሚበሩትም ሰዓት ከአየር መንገድ ሠራተኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለእኛ መጀመሪያ የምትፈራው ጸሐይ ናት። ፖሊካርቦኔት ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው የራስ ቁር ቪዘር (የፊት መከለያ) አልትራቫዮሌትን አብዛኛውን ያስቀራል፤ የመስታወት መስኮት ግን ከፊሉን ያሳልፋል። ስለዚህ በትራንስፖርት አውሮፕላን ያለ ቪዘር የሚበሩት መነጽር ይፈልጋሉ። የሚያደርጉት ግን በገዛ ገንዘባቸው ከመርካቶ የገዙትን ነው። ጥቁር ሆኖ አልትራቫዮሌት የማይከለክል መነጽር ብሌንን ስለሚያሰፋ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ፖላራይዝድ (ነጸብራቅን የሚያጣራ) ከሆነ ዲጂታል ሰሌዳዎቹን ያጨልማል፣ በመስኮቱ ላይም የቀለም ነጠብጣብ ያሳያል። በጸሐይ የሚጠቁረው ዓይነት ደግሞ መስኮቱ ጨረሩን ካስቀረበት አይጠቁርም። የሚያስፈልገው ግራጫ፣ ብርሃኑን 15 በመቶ ያህል የሚያሳልፍ፣ ፖላራይዝድ ያልሆነ ነው።

ቪዘሩም ቢሆን እየተበላሸ ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ፊቱን ይጭረዋል፤ በቤንዚን ወይም በአሴቶን መወልወል ደግሞ ፖሊካርቦኔቱን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሸፍነዋል። ጸሐይ ስትመታው እያንዳንዱ ጭረት ያበራል፣ አብራሪውም ቪዘሩን ከፍ አድርጎ መብረርን ይመርጣል። ከዚያ ወፍ መስኮቱን ቢሰብር ወይም አብራሪውን ከአውሮፕላኑ አስፈንጥሮ በሚያወጣው የካታፑልት ወንበር መውጣት ግድ ቢሆን ዓይኑን የሚከልል ነገር የለም። በንጹሕ ውኃ አቧራውን ማጠብ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ፤ ይኸው ነው። የተጫረ ቪዘር እንዲለወጥ የምንጠይቀው ጥያቄ ግን «መለዋወጫ የለም» እየተባለ ይመለሳል። የኦክስጅን ጭምብልም አፍንጫ አጥንት ላይ በደንብ ካልገጠመ ደረቅ ኦክስጅኑን ወደ ዓይን ይነፋል፤ «ዓይኔ ይደርቃል» ለሚለው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ጠብታ ሳይሆን የጭምብል መጠን መለወጥ ነው።

በሄሊኮፕተር ላይ ያሉት 40 ዓመት ያለፋቸው አብራሪዎች ጉዳይ ቀላል ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነናል። የሚ-8 ሄሊኮፕተር ከአብራሪው ራስ በላይ የመቀያየሪያ ሰሌዳ አለው። የቅርብ ዕይታ የተለካው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ስለሆነ መነጽሩ ከታች የንባብ ሌንስ ያለው ሁለት ክፍል ሆኖ ይሠራል። አብራሪው የላይኛውን ሰሌዳ ለማንበብ አገጩን ወደ ላይ ማንሣት ግድ ይሆንበታል፤ በመታጠፍ ላይ እያለ ራስን እንዲህ መቀልበስ ደግሞ የውስጥ ጆሮን አሳስቶ የመሽከርከር ስሜት ያመጣል። ሲቪሉ የዓለም አቀፍ መስፈርት ከቅርብ ንባቡ በተጨማሪ በ100 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለውን የመሐል ዕይታ እንዲለካ ይጠይቃል። የእኛ ቅጽ አይጠይቅም። መፍትሔው አብራሪውን ኮክፒት ውስጥ አስቀምጦ ከዓይኑ እስከ ፊት ለፊቱና እስከ ላይኛው ሰሌዳ በሜትር መለካት፣ ከዚያም ከላይም ከታችም የቅርብ ክፍል ያለው ሌንስ ማዘዝ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጨረሰ አብራሪ ወደ በረራ ሲመለስ የሚታየው የሳንባ ፎቶው ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ቀይና አረንጓዴን መለየት ነው። በቀለም መጽሐፉ መመርመር ያለበት መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት፣ በየወሩ፣ ከዚያም ሲጨርስ ነው፤ አንድ ዓይን በአንድ ጊዜ፣ በ75 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ለአንድ ገጽ 3 ሰከንድ ብቻ እየተሰጠ፣ በቀን ብርሃን። በቢጫ አምፖል ሥር የሚደረግ ምርመራ ጥቂት ችግር ያለበትን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ጸሐይ ላይ ተገልጦ የከረመ መጽሐፍም ቀለሙ ስለሚነጣ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

መመሪያው ይሻር፤ የዓይን ግፊት መለካትና ብሌን አስፍቶ ማየት በዓመት አንድ ጊዜ ለሁሉም አብራሪ ይመለስ። የዕይታ መስክ ምርመራ 40 ዓመት ለሞላቸው፣ ቤተሰባቸው ውስጥ ግላኮማ ላለባቸውና ግፊታቸው ከፍ ላለ በየዓመቱ ይደረግ። የበረራ ቀን እንዳይባክን የሚለውን ስጋት እንረዳለን። ትሮፒካማይድ ጠብታ ብሌንን በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ያሰፋል፤ አብዛኛው ሰው በስድስት ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። ምርመራው አብራሪው ከዓመት ፈቃድ በተመለሰበት ቀን፣ ከሌላው የጤና ምርመራ ጋር ቢደረግ የሚባክን ቀን አይኖርም። እስከ ማግስቱ አለመብረሩን ግን አጥብቀን እንጠይቃለን።

በዓይን ሕመም ምክንያት ለጊዜው የሚታገድ አብራሪ በምን ምርመራ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አበሉ አይቋረጥ፤ በመሬት ሥራ ይመደብ። ይህ ካልተስተካከለ የቀረውን ሁሉ ብታሟሉም አይመጡም።

ለእያንዳንዱ አብራሪ የተለካ የጸሐይ መነጽር፣ በዓመት አንድ ቪዘር፣ ቪዘር ማጽጃ ሳሙናና ጨርቅ ይቅረብ። የሌሊት በረራ የኦክስጅን ደንብ ከማረፊያው ከፍታ ጋር እንዲስማማ ይከለስ። የአምስለር መረብና የ100 ሴንቲ ሜትር ንባብ በቅጹ ላይ ይጨመሩ፤ ሁለቱን ለማተም የወረቀት ዋጋ ብቻ ይበቃል። የምርመራ ውጤት ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ከአብራሪው ጋር ይሂድ፤ የአንዱን ዓመት ግፊት ካለፈው ጋር ሳናስተያይ ግላኮማን መያዝ አንችልም።

የበረራ ምድብ ዝውውሩ ሲጀመር አዲሱ ቅጽ ሥራ ላይ ስለሚውል መልሳችሁን ከዚያ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። በቃል ለማስረዳት፣ መሣሪያዎቹን ይዘን ቀርበን ለማሳየትም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

ወታደራዊ አብራሪዎችን የምናገለግል የዓይን ሐኪሞች፣ ኦፕቶሜትሪስቶች፣ የዓይን ሕክምና ነርሶች እና የበረራ አልባሳትና የኦክስጅን መሣሪያ ቴክኒሻኖች

ግልባጭ፦
ለበረራ ደኅንነት ክፍል
ለበረራ ሥልጠና ክፍል